ፓሪስ ሰው ባጣችበት ነሐሴ

በ1911 የበጋ ወራት ፈረንሳይ ላይ ሐሩር ተቀመጠ፤ ከጁላይ አንሥቶ እስከ ሴፕቴምበር እፎይታ አልነበረም። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን፣ ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ያኔ በብዛት የረገፉት ጨቅላ ሕፃናት ነበሩ። በየቤቱ ማቀዝቀዣ የሚባል ነገር አልነበረም። ጠዋት የታለበ ወተት ከሰዓት በኋላ ይበላሻል፤ ያን የጠጣ ሕፃን ተቅማጥ ይይዘዋል፤ ውኃው ያለቀበት ገላ ደግሞ ሙቀቱን አይችልም። ከብዙ ዘመን በኋላ የሥነ ሕዝብ አጥኚዎች የሞት መዝገቡን አገላብጠው ሲደምሩት ያ በጋ ወደ 40,000 ሰው እንደፈጀ ደረሱበት። እስከዚያ ድረስ ግን ነገሩ ከሕዝብ ትዝታ ወጥቶ ነበር።

ጊዜው ሄደ። ንጹሕ ውኃ ገባ፣ ማቀዝቀዣ በየቤቱ ቆመ፣ ሕፃናቱ ተረፉ፣ የሰውም ዕድሜ ረዘመ። ሐሩር ግን ሌላ ሰው አገኘ። ሰማንያና ዘጠና ዓመት የሞላቸው፣ ትዳር ጓደኛቸውን የቀበሩ፣ ልጆቻቸው ሩቅ የሚኖሩባቸው አረጋውያን በየከተማው በዙ። በ1976 ብርቱ ድርቅና ሙቀት ሲመጣ አገሩ ሁሉ ያወራው ስለ ከብቱና ስለ ግጦሹ ነበር፤ ገበሬውን ለመደጎምም ልዩ ግብር ተጣለ። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ከተለመደው በላይ መሞቱ የተሰላው ቆይቶ ነው።

በጁላይ 1983 ደግሞ ሙቀቱ በደቡብ፣ በወደቧ ከተማ በማርሴይ በረታ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በጥቂት ቀናት ውስጥ ሞቱ። ከዚያች ከተማ ሐኪሞች አንዱ ፕሮፌሰር ዣን ሉዊ ሳን ማርኮ ነበሩ። እሳቸው ያዩትን አልረሱም። ሙቀት የሚገድለው ቀስ እያለ ስለሆነ ማዳን ይቻላል ብለው ጻፉ፣ አስተማሩ። የሚያስፈልገውም የተራቀቀ መድኃኒት አልነበረም፦ ገላን በውኃ ማራስ፣ ማናፈስ፣ ሳይጠማም ቢሆን መጠጣት፣ በቀን ጥቂት ሰዓት ቀዝቃዛ ቦታ ማሳለፍ። ማርሴይ ሰማቻቸው፤ ለአረጋውያንና ለመጦሪያ ቤቶች ምክር በየዓመቱ መስጠት ጀመረች። የተቀረው አገር ግን ይህ የደቡብ ሰዎች ጉዳይ መሰለው። ሃያ ዓመት ሙሉ በገዛ አገራቸው የተጻፈ እውቀት ሰሜኑን አልደረሰም። ከዚህ ታሪክ ሁሉ እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

2003 ሲገባ ጸደዩ ደረቅ ነበር። ጁን ደግሞ እስከዚያ ከተመዘገቡት ጁኖች ሁሉ የሞቀ ሆነ። እርጥብ መሬት የፀሐይን ኃይል ለእንፋሎት ስለሚያውለው ለአየሩ ብዙ አይተርፈውም። መሬቱ ሲደርቅ ግን ያ ሁሉ ኃይል አየሩን ለማሞቅ ይውላል። ኦገስት ሲጠባ የምዕራብ አውሮፓ አፈር ተራቁቶ ነበር። በዚህ ላይ ከባድ የአየር ግፊት እንደ ክዳን ተደፋበት፤ ደመና አልሠራ፣ ነፋስ አልነፍስ አለ። በኦገስት 1 በፖርቱጋሏ አማሬሌዣ 47.3 ዲግሪ ሴልሺየስ ተለካ። የፖርቱጋል ደኖች ይነዱ ጀመር።

የፈረንሳይ የአየር ትንበያ ተቋም ሜቴዎ ፍራንስ ሙቀቱ እንደሚመጣ ቀድሞ አይቶታል፤ መግለጫም አውጥቷል። ነገር ግን አገሪቱ ለማዕበል፣ ለበረዶና ለከባድ ዝናብ ያዘጋጀችው ባለቀለም የማስጠንቀቂያ ካርታ ለሙቀት ቦታ አልነበረውም። የጤናው ተቋማትም ዓይናቸው በሌላ ላይ ነበር። ሜቴዎ ስለ አየር ያወራል፣ ሐኪም ስለ በሽታ ያወራል፤ ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው በመካከላቸው አልተቀመጠም።

ወሩም ኦገስት ነው። ፈረንሳይን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ሱቁ ይዘጋል፤ የሰፈሩ ሐኪም ወደ ባሕር ዳርቻ ይወርዳል፤ የሕንፃው ጠባቂ አገር ቤት ይሄዳል፤ ልጆችና የልጅ ልጆች ሻንጣቸውን መኪና ላይ ጭነው ይወጣሉ። ሆስፒታሎች ሠራተኛ ስለሚያጥራቸው አልጋ ይቀንሳሉ። ሚኒስትሮችም ያርፋሉ። ከተማው ውስጥ የሚቀረው መሄጃ የሌለው ነው፦ ድሃው፣ ስደተኛው፣ ታማሚው፣ መራመድ ያቃተው።

የፓሪስ ሕንፃዎች የተሠሩት ለብርድ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተዘረጋው የዚንክ ጣሪያቸው ለፎቶግራፍ ያማረ ቢሆንም ፀሐይ ሲበረታበት ይግላል፤ ከሥሩ ያሉት ጠባብ ክፍሎችም አብረው ይግላሉ። እነዚያ ክፍሎች በድሮው ዘመን የቤት ሠራተኞች ማደሪያ ነበሩ፤ ዛሬ ተማሪው፣ ድሃውና ኪራዩ የረከሰላቸው ሽማግሌዎች ይኖሩባቸዋል። ብዙዎቹ ሊፍት አይደርስባቸውም። ስድስት ፎቅ ደረጃ ወርዳ ውኃ ገዝታ እንደገና መውጣት ለአንዲት የሰማንያ አምስት ዓመት ባልቴት ቀላል ነገር አይደለም። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች እንዳረጋገጡት በጣሪያው ሥር መኖር ራሱን የቻለ የሞት ምክንያት ነበር።

በኦገስት 4 ብቻ በመላ አገሪቱ ከተለመደው 300 ያህል ሰው በላይ ሞተ። ማንም አላወቀም። እያንዳንዱ ሞት ብቻውን ሲታይ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ያረጀ ልብ ቆመ፣ የደከመ ኩላሊት ተሸነፈ ተብሎ ይጻፋል። የሰው ገላ ሙቀቱን የሚያወጣው በላብና በቆዳ ሥር በሚሮጥ ደም ነው። ዕድሜ ሲገፋ ላቡ ይቀንሳል፣ ጥማት የሚሰማውም ዘግይቶ ነው። ለደም ግፊት የሚወሰድ የሚያሸና መድኃኒት ያለውን ውኃ ያስወጣል፤ አንዳንድ የአእምሮ መድኃኒቶች ደግሞ ላብን ይከለክላሉ። ልብ ደሙን ወደ ቆዳ ለመግፋት ሌት ተቀን ይሮጣል። የውስጥ ሙቀት 40ን ሲያልፍ አእምሮ ይዋዥቃል፣ ከዚያ የውስጥ ብልቶች ተከታትለው ይወድቃሉ። ሌሊቱ ቢቀዘቅዝ ኖሮ ገላ እፎይ ብሎ ለነገው ኃይል ባገኘ ነበር። በዚያ ሳምንት በፓሪስ ሌሊቱም አልበረደም። ቀን ሙሉ ሙቀት የጠጣው ድንጋይና አስፋልት ማታ መልሶ ይተፋዋል።

በኦገስት 7 ሜቴዎ ፍራንስ ሙቀቱ ለጤና አደገኛ መሆኑን የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ዕለቱ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 1 ቀን 1995 ዓ.ም.፣ ፍልሰታ የተያዘበት ነው፤ ደጋው አገራችን በዝናብና በጭጋግ ተሸፍኖ ይቆያል፤ ፓሪስ ግን ጠብታ አላየችም። ድንገተኛ ክፍሎች በዚያን ዕለትና በማግስቱ ሞሉ። ራሳቸውን የሳቱ፣ ቆዳቸው የደረቀና የሚያቃጥል አረጋውያን በየአምቡላንሱ ይመጣሉ። ነርሶች በረዶ በከረጢት አድርገው በብብትና በጉያ ያስቀምጣሉ፤ እርጥብ አንሶላ ያለብሳሉ። ብዙዎቹ ክፍሎች የአየር ማቀዝቀዣ አልነበራቸውም፤ ታማሚው ከሙቀት ወጥቶ ሙቀት ውስጥ ይተኛል።

ዝምታውን የሰበረው ፓትሪክ ፔሉ ነው። በፓሪሱ ሴንት አንቷን ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ሐኪም ሲሆን የሙያ ጓዶቹን ማኅበርም ይመራ ነበር። እሑድ ኦገስት 10 ለጋዜጠኞች ተናገረ፦ በፓሪስና በዙሪያዋ ባሉ ሆስፒታሎች በአራት ቀናት ብቻ ቢያንስ 50 ሰው በሙቀት ሞቷል፤ መንግሥት ግን የተፈጥሮ ሞት ይለዋል። ዛሬ ስናየው ቁጥሩ ከእውነቱ እጅግ ያነሰ ነበር። ያን ቀን ግን የተቆጣ ሰው ማጋነን ተደርጎ ተወሰደ። በዚያው ዕለት የእንግሊዟ ፋቨርሻም 38.5 ዲግሪ አስመዘገበች፤ ለብሪታንያ አዲስ ክብረ ወሰን ነበር።

በማግስቱ ምሽት የጤና ሚኒስትሩ ዣን ፍራንስዋ ማቴይ በቴሌቪዥን ቀረቡ። ራሳቸውም ሐኪም ናቸው። በደቡብ ካለው የዕረፍት ቤታቸው አትክልት ስፍራ ሆነው፣ ባለኮሌታ ቲሸርት ለብሰው፣ ሁኔታው በቁጥጥር ሥር እንዳለ አስረዱ። ያ ምስል ከዚያ በኋላ ከፈረንሳዮች ዓይን አልጠፋም። እኔ ሚኒስትሩ ዋሹ ብዬ አላምንም። ከሥር የሚመጣላቸው ወሬ ራሱ ምንም አልያዘም ነበር፤ የሞት ምስክር ወረቀት ከየማዘጋጃ ቤቱ በፖስታ ተጉዞ ተደምሮ እስኪታይ ሳምንታት ይወስዳል። ነገር ግን የሕዝብ ጤና ኃላፊነት የተሸከመ ሰው አምቡላንሶቹ ያለ እረፍት ሲጮኹ የወረቀቱን መምጣት መጠበቅ አልነበረበትም።

እሳቸው በተናገሩበት ሌሊት የፓሪስ ሙቀት ከ25.5 ዲግሪ በታች አልወረደም። ከተማዋ እንዲህ ያለ ሌሊት መዝግባ አታውቅም ነበር። በማግስቱ፣ ማክሰኞ ኦገስት 12፣ «ጋር» በተባለችው የደቡብ አውራጃ 44.1 ዲግሪ ደረሰ፤ ይህም የአገሪቱ ክብረ ወሰን ሆነ። ወንዞች ሞቀው የኑክሌር ኃይል ማመንጫዎቹ ከሕጉ በላይ የሞቀ ውኃ እንዲለቁ ተፈቀደላቸው። በምሥራቅ ባለው የፌሰንሃይም ማመንጫ የሕንፃውን ግድግዳ በውኃ ርጭት ለማቀዝቀዝ ተሞከረ። በዚያች አንዲት ቀን ከተለመደው ወደ 2,200 የሚጠጋ ሰው በላይ ሞተ።

አስከሬን ማቆያዎች ሞልተው ነበር። የቀብር አስፈጻሚ ድርጅቶች ሠራተኞቻቸውን ከዕረፍት ጠሩ፤ ሣጥን እንኳ አነሰ። መንግሥት ከመመስከሩ በፊት እውነቱን ቀድመው ያወቁት እነሱ ናቸው፣ ሥራቸው ነግሯቸዋልና። ከፓሪስ ወጣ ብሎ በሚገኘው በራንጂስ፣ የከተማዋ ሥጋ፣ ዓሣና አትክልት በጅምላ በሚሸጥበት ገበያ፣ አንድ ቀዝቃዛ አዳራሽ ለአስከሬን ማቆያነት ተወሰደ። ኢቭሪ ላይ ማቀዝቀዣ የተገጠመላቸው ከባድ መኪኖች ተደረደሩ። በኦገስት 13 የፓሪስ አካባቢ ሆስፒታሎች ለአደጋ ጊዜ የተዘጋጀውን «ነጩን ዕቅድ» እንዲጀምሩ ታዘዙ፤ አልጋ ተከፈተ፣ ሠራተኛ ተጠራ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዣን ፒየር ራፋራን ከአልፕስ ተራሮች ወረዱ። ነገር ግን ሙቀቱ በዚያው ዕለት መላላት ጀምሯል። የከፋው ካለፈ በኋላ ነበር መንግሥት የደረሰው።

ቀጥሎ የመጡት የቁጥር ሳምንታት ናቸው። በኦገስት 14 መንግሥት የሟቾቹን ብዛት ከ1,500 እስከ 3,000 ገመተ። በ17 ሚኒስትሩ እስከ 5,000 ሊደርስ ይችላል አሉ። በማግስቱ የጤና ዋና ዳይሬክተሩ ሉሲየን አበንሃይም ሥራቸውን ለቀቁ። በወሩ መጨረሻ የጤና ክትትል ተቋሙ 11,435 አለ። ሴፕቴምበር መገባደጃ ላይ የብሔራዊ የሕክምና ምርምር ተቋም ሊቃውንት መዝገቡን አጥርተው ከኦገስት 1 እስከ 20 ባለው ጊዜ 14,802 ሰው ከተለመደው በላይ መሞቱን አስታወቁ። ከአምስቱ አራቱ ያህል 75 ዓመት ያለፋቸው ነበሩ፤ ከወንዶቹ ሴቶቹ ይበዛሉ። በፓሪስ ከተማ የሟቾች ቁጥር ከእጥፍ በላይ ሲጨምር በማርሴይ ጭማሪው ሩብ ያህል ብቻ ሆነ። እርግጥ የደቡብ ሰው ሙቀት ለምዷል፤ ቤቱም መስኮቱም ለዚያ የተሠራ ነው። ቢሆንም የሳን ማርኮ የሃያ ዓመት ድካም በዚያ ልዩነት ውስጥ እጁ አለበት።

ቁጥሩ ሲወጣ ጣት መቀሳሰር ተጀመረ፤ ብዙው ጣት ወደ ቤተሰቦች አመለከተ። እናታቸውን ጥለው ባሕር ሄዱ ተባለ። ይህ ክስ ለባለሥልጣናቱ የተመቸ ነበር፤ ነገር ግን መዝገቡ አይደግፈውም። ከሞቱት ብዙዎቹ፣ ከመቶ 40 የሚያልፉት፣ የሞቱት ሆስፒታል ውስጥ ነው። ሌላው አምስተኛ ያህል በመጦሪያ ቤቶች፣ ሠራተኛ በከበበው ስፍራ ነው የሞተው። በቤቱ የሞተው ሲሶው ገደማ ነው። ከእነዚያም ውስጥ ቤተሰብ ጥሎት የሄደ ሳይሆን ከመጀመሪያውም ቤተሰብ ያልነበረው፣ ዘመድ ያለቀበት፣ ልጆቹን የቀበረ ብዙ ነበር። ስለ ብቸኝነታቸው ልጆቻቸውን መክሰስ ከተማው ራሱ ምን ያህል እንደረሳቸው አያስረዳም።

እንዲህም ሆኖ በኦገስት መጨረሻ ማንም ያልጠየቃቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ አስከሬኖች በየማቆያው ነበሩ። ከተማው ዘመድ ፈለገ፤ ጥቂት በጥቂት አንዳንዶቹ ባለቤት አገኙ። የቀሩት 57 ሰዎች በሴፕቴምበር 3 ከፓሪስ በስተደቡብ በሚገኘው በትዬ መቃብር ቦታ ተቀበሩ። በካናዳ ኬቤክ ዕረፍት ላይ የነበሩትና ዘግይተው በመምጣታቸው የተወቀሱት ፕሬዚዳንት ዣክ ሺራክ በቀብሩ ተገኙ፤ የከተማዋ ከንቲባ ቤርትራን ዴላኖዬም አብረዋቸው ነበሩ። እድር ባለበት ሰፈር ላደገ አንባቢ፣ ጥሩምባ ሲነፋ ድንኳን ሲተከል ላየ ሰው፣ የአንድ አገር ፕሬዚዳንት ለቀስተኛ በመታጣቱ ለቀስተኛ ሆኖ መቆሙ ከቁጥሩ ሁሉ በላይ ያስደነግጣል። በፓሪስ «የጎዳና ሙታን» የተባለ ስብስብ ከዚህ በፊት ጀምሮ ማደሪያ አጥተው ለሞቱ ሰዎች ይሟገት ነበር፤ ከ2003 በኋላ ግን ከከተማው ጋር ተስማምቶ በጎ ፈቃደኞቹ ባለቤት ያጣ አስከሬን ሁሉ ወደ ትዬ ሲሄድ ይሸኙ ጀመር።

ምክር ቤቱ መርማሪ ኮሚሽን አቋቁሞ አንድ በአንድ ጠየቀ። በ2004 የወጣው ሕግ ሦስት ነገር አመጣ። ማዘጋጃ ቤቶች ለብቻቸው የሚኖሩ አረጋውያንንና አካል ጉዳተኞችን መመዝገብና በሙቀት ጊዜ መፈለግ ግዴታቸው ሆነ። ከጰራቅሊጦስ በኋላ ያለው ሰኞ ሠራተኛው ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚሠራበት «የአጋርነት ቀን» ተደርጎ ገቢው ለአረጋውያን እንክብካቤ ዋለ፤ በዓላቸውን የተነጠቁ መሰላቸውና ብዙዎች ዓመታት ሙሉ አጉረመረሙ። አዲስ የሙቀት ዕቅድም ተነደፈ፤ በዚህ መሠረት መጦሪያ ቤቶች ቢያንስ አንድ የቀዘቀዘ ክፍል ማዘጋጀት ነበረባቸው። ሜቴዎ ፍራንስም በባለቀለም ካርታው ላይ ሙቀትን ጨመረ። ማስጠንቀቂያው ቀን ቀንን ብቻ አይመለከትም፤ የሌሊቱ ዝቅተኛ ሙቀትም ይታያል፣ 2003 ያስተማረው ይህን ነበርና።

በዚያው በ2004 ሁለት ጥናቶች ታተሙ። በቡርጎኝ የወይን ለቀማ የሚጀመርበት ቀን ከ1370 ጀምሮ በመዝገብ ተይዞ ኖሯል። ወይን ቶሎ የሚበስለው ሙቀት ሲበዛ ስለሆነ፣ ተመራማሪዎች ከቀኖቹ ተነሥተው የየዓመቱን በጋ ሙቀት ገመቱ። ከ600 ዓመት በላይ በሆነው በዚያ ዝርዝር ውስጥ የ2003ን የሚያህል አላገኙም። የእንግሊዙ ፒተር ስቶትና ባልደረቦቹ ደግሞ የሰው ልጅ ወደ አየር የለቀቀው ጋዝ እንዲህ ያለ በጋ የመከሰት ዕድሉን ቢያንስ በእጥፍ እንዳሳደገው አሰሉ። አንድን የተወሰነ የሙቀት አደጋ ከአየር ንብረት ለውጥ ጋር በቁጥር ያያያዘ የመጀመሪያው ሥራ ይህ ነው ማለት ይቻላል። በ2008 ደግሞ የመላው አውሮፓ ሒሳብ ተዘጋ፤ በ2003 በጋ ከ70,000 በላይ ሰው ሞቷል። ጣሊያን፣ ስፔን፣ ጀርመን፣ ፖርቱጋል እያንዳንዳቸው በሺዎች ቀብረዋል፤ ግን እንደ ፈረንሳይ ጠንክሮ ራሱን የጠየቀ አልነበረም።

ዕቅዱ የተፈተነው በጁላይ 2006 ነው። ረጅም ሙቀት መጣ፤ ወደ 2,000 ሰው ሞተ። በ2003 ልምድ ቢሰላ ኖሮ ሊሞት ይችል የነበረው ከዚህ 4,400 ያህል ይበልጥ ነበር። በ2019 ሁለት የሙቀት ሞገድ ተከታተለ። በጁን 28 ቬራርግ በተባለች የደቡብ መንደር 46.0 ዲግሪ ተለካ፤ በጁላይ 25 ፓሪስ 42.6 ደርሳ ከ1947 ጀምሮ የቆየውን የ40.4 ክብረ ወሰን ሰበረች። ከ2003 የባሰ ሙቀት ነበር። መንግሥት የቆጠረው የሟች ቁጥር 1,435 ሆነ። ከአሥር እጅ አንድ ያህል ማለት ነው፤ ሞገዶቹ አጠር ያሉ ቢሆኑም ዝግጅቱ ሰው አድኗል።

የማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ግን እስከ ዛሬ በፈቃደኝነት ላይ የቆመ ነው። ስምን ማስመዝገብ ያለበት ባለቤቱ ወይም የሚያውቀው ሰው ነው። ሙቀቱ ሲበረታ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች በመዝገቡ ላይ ላሉት እየደወሉ ይጠይቃሉ፤ ስልኩ ካልተነሣ ሰው ይልካሉ። የሚያስመዘግበው ልጅ፣ ጎረቤት ወይም ሐኪም የሌለው ሰው ግን በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም፤ በትዬ ከተቀበሩት 57 ሰዎችም፣ መዝገቡ በ2003 ቢኖር ኖሮ፣ አብዛኞቹ ስማቸው አይገኝበትም ነበር ብዬ እፈራለሁ።